ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ኢንተርፌሮን ከውጭ ማስመጣት ያዋጣል? (ስለ ኢንተርፌሮን ሁሉ እዚሁ እንወያይ)

ጠቅላላ_ሐኪም

ሰላም ለሁላችሁ። የሄፓታይተስ ቢ ታማሚ ቤተሰቦች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይዘው ይመጣሉ። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ካይሮ ያለ ዘመድ ፔጋሲስ የሚባለውን የኢንተርፌሮን መርፌ ገዝቶ ሊልክ ተዘጋጅቷል፤ «የቴኖፎቪር ኪኒን ዕድሜ ልክ ከመዋጥ ይሄኛው ኢሚውኒቲ አጠንክሮ ይገላግላል» ተብለዋል። ለየትኛው ታማሚ እሺ እንደሚባል፣ ለየትኛው ደግሞ በፍጹም እንደማይሆን የሚያውቅ ቢያስረዳን። በዚያውም ኢንተርፌሮን የሚለው ስም በጉበት ሕክምናም፣ በነርቭ በሽታም፣ በቲቢ ምርመራም ይነሳል። አንድ ነገር ነው ወይስ የተለያየ?

ቲ_ሴል

ከሁለተኛው ጥያቄ ልነሳ፤ የመጀመሪያው መልስ የሚቆመው በሱ ላይ ነው።

ኢንተርፌሮን የአንድ ፕሮቲን ስም አይደለም፣ የቤተሰብ ስም ነው። በ1957 ለንደን ሚል ሂል ባለው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ከጫጩት እንቁላል የወሰዱትን ሽፋን በሙቀት ከገደሉት የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጋር አቆዩት። ከዚያ የወጣው ፈሳሽ ሌላ ሽፋን ላይ ሲጨመር ሕያው ቫይረስ መራባት አቃተው። ጃፓን ውስጥ ናጋኖና ኮጂማ በ1954 ተመሳሳይ ነገር ዘግበው ነበር።

ዛሬ 3 ዓይነት ብለን እንከፍላቸዋለን። ዓይነት 1 ውስጥ አልፋ (ከ10 በላይ ንዑሳን አሉት) እና ቤታ ዋነኞቹ ናቸው፤ ተቀባያቸው ኒውክለስ ባለው ሕዋስ ሁሉ ላይ አለ ማለት ይቻላል። ዓይነት 2 ጋማ ብቻ ነው፤ የሚያመነጩት በዋናነት ቲ ሕዋሳትና ኤንኬ ሕዋሳት (ሁለቱም የመከላከያ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው) ሲሆኑ ትእዛዙ በተለይ ለማክሮፋጅ፣ ማለትም ጀርም ዋጭ ለሆነው ሕዋስ ነው። ዓይነት 3 ላምዳ ነው፤ ተቀባዩ በአብዛኛው በሳንባ፣ በአንጀትና በጉበት ሕዋሳት ላይ ስለሚገኝ ሥራውም እዚያው የተወሰነ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ። ቫይረስ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ አርኤንኤውን (የዘር መልእክቱን) ሪግ-አይ የሚባል ጠቋሚ ያገኘዋል። አይአርኤፍ3 የተባለ ፕሮቲን ይነቃል፣ ሕዋሱ ቤታና አልፋ ይረጫል። ጎረቤት ሕዋስ በተቀባዩ ሲይዘው ጃክ1ና ቲክ2 የሚባሉ ኢንዛይሞች ይነሣሉ፤ ስታት1፣ ስታት2ና አይአርኤፍ9 የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ተያይዘው ኒውክለስ ይገቡና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ይከፍታሉ። ከነዚህ አንዱ ፒኬአር የሕዋሱን ፕሮቲን ማምረቻ ይዘጋል። ሌላው ኦኤኤስ፣ አርኤንኤዝ-ኤል የተባለውን ቆራጭ ያስነሣና አርኤንኤ ያስቆራርጣል። ኤምኤክስ የሚባሉት ፕሮቲኖች ደግሞ እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያሉትን መንገድ ላይ ያግታሉ።

ልብ በሉ፦ ፕሮቲን ማምረቻው የሚዘጋው ለቫይረሱ ብቻ አይደለም፣ ለራሱ ለሕዋሱም ነው። ትኩሳቱ፣ ድካሙ፣ የነጭ ደም ሕዋስ መውረዱ የዚሁ ትእዛዝ ዋጋ ነው። ስለዚህ «ኢሚውኒቲ ያጠነክራል» ብሎ እንደ ቫይታሚን ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። ሰውነት ለቀናት ብቻ የሚያውጀውን የአደጋ ጊዜ ትእዛዝ በመርፌ 48 ሳምንት ማስቀጠል ማለት ነው።

ጋማ ሌላ መንገድ አለው፦ ጃክ1ና ጃክ2፣ ከዚያ ሁለት ስታት1 ተጣምረው። ውጤቱ ማክሮፋጅ ሆዱ ውስጥ የተቀመጠውን የቲቢ ባክቴሪያ መግደል መቻሉ ነው። የጋማ ተቀባይ ጎድሎባቸው የሚወለዱ ሕፃናት በልደታቸው የሚሰጣቸው የቢሲጂ ክትባት ራሱ መላ ሰውነታቸው ውስጥ ሊሰራጭ ይችላል። ቢሲጂ ከተከተበ በኋላ ብብቱ ሥር ያለው ንፍፊት እያበጠ የሚፈነዳ፣ ትኩሳት የማይለቀው፣ ክብደት የማይጨምር ሕፃን ካያችሁ፣ በተለይ ወላጆቹ ዘመዳሞች ከሆኑ፣ ይህን አስቡ።

ጉበት_ክፍል

ወደ ዋናው ጥያቄ። ፔጊንተርፌሮን አልፋ-2ኤ (ፔጋሲስ ማለት ይኸው ነው) ለሄፓታይተስ ቢ 180 ማይክሮግራም በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር፣ ለ48 ሳምንት ይሰጣል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ጊዜው የተወሰነ ነው፣ ቫይረሱም መድኃኒቱን አይላመድም። ግን ለማን?

ጥሩ ምላሽ የሚጠበቀው ወጣት ሆኖ፣ ኢ-አንቲጅኑ (ቫይረሱ በብዛት ሲራባ በደም የሚታይ ፕሮቲኑ) ፖዘቲቭ፣ ኤኤልቲው (የጉበት ጉዳት የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከመደበኛው ቢያንስ ከእጥፍ በላይ፣ የቫይረስ መጠኑ በጣም ያልናረ፣ ጉበቱ ያልጠጠረ፣ ጂኖታይፑም (የቫይረሱ ዝርያ) ኤ የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ባሉት እንኳ ኢ-አንቲጅን ጠፍቶ ፀረ-አካሉ የሚታየው ሕክምናው ካለቀ 6 ወር በኋላ ከ3 ሰው በ1ዱ ገደማ ነው። «ገላገለ» የሚያሰኘው የኤስ-አንቲጅን (የቫይረሱ የላይ ሽፋን ፕሮቲን) መጥፋት ግን በዚያው ጊዜ ከ100 ሰው በጥቂቶቹ ብቻ ይታያል። ይህን ቁጥር ቤተሰቡ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሊሰማው ይገባል።

አገራችን ላይ የሚበዙት ጂኖታይፖች ኤና ዲ ናቸው። ኤ ለኢንተርፌሮን ጥሩ ነው፤ ዲ ደካማ። አብዛኛው አዋቂ ታማሚ ደግሞ ኢ-አንቲጅኑ ኔጌቲቭ ነው፤ በዚያ ላይ ዲ ከሆነ ተስፋው ይበልጥ ይቀንሳል። ጂኖታይፕ ሳይታወቅ መጀመር በጭፍን መግባት ነው።

የማቆሚያ ሕግ አለ፣ እሱን ሳያውቅ ማንም መጀመር የለበትም። 12ኛው ሳምንት ላይ የኤስ-አንቲጅን መጠን (አለ ወይም የለም የሚለው ሳይሆን በቁጥር) ይለካል። ኢ-ፖዘቲቭ ሆኖ ጂኖታይፕ ኤ ወይም ዲ ያለው ሰው መጠኑ ጭራሽ ካልቀነሰ ይቆማል። ኢ-ኔጌቲቭ የሆነ የዲ ታማሚ ኤስ-አንቲጅኑም ካልቀነሰ፣ የቫይረስ መጠኑም በ100 እጥፍ ካልወረደ ይቆማል። ይህን ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ ካላገኛችሁ 36 ተጨማሪ ሳምንት ያለ ጥቅም መከራ ልታበሉት ትችላላችሁ።

በፍጹም የማይሰጣቸው፦ ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ዐይኑ ቢጫ የሆነ፣ ደም ያስታወከ ወይም ግራ መጋባት የታየበት የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት መጠጠር) ታማሚ። ኢንተርፌሮን በከፊል የሚሠራው የተለከፉትን የጉበት ሕዋሳት በማስመታት ስለሆነ በሕክምናው መሃል ኤኤልቲ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ጤናማ ጉበት ይሸከመዋል፤ ያለቀለት ጉበት ግን በዚያው ይወድቃል። ነፍሰ ጡር፣ ራስን በራስ የሚያጠቃ በሽታ ያለበት፣ ከባድ ድባቴ ያለበት፣ ያልተቆጣጠሩት የሚጥል በሽታ ወይም ከባድ የልብ ሕመም ያለበትም አይጀምርም። ከቴልቢቩዲን (ሌላ የሄፓታይተስ ቢ ኪኒን) ጋር በአንድነት መስጠት ክልክል ነው፤ ነርቭ ይጎዳል።

ኤችአይቪም አብሮ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ሁለቱንም ቫይረስ ይይዛሉ፤ ኢንተርፌሮን መጨመር አያስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅት የ2015 የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ ኢንተርፌሮንን ወደ ጎን የተወው ስለማይሠራ አይደለም። ዋጋውና ክትትሉ አቅም ውስን በሆነበት አገር ስለማይቻል ነው። ቴኖፎቪር 300 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ በየ6 ወሩ ክትትል፣ ለአብዛኛው ሰው ከዚህ ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ የምለምናችሁ ግን ይህን ነው፦ ቴኖፎቪር ላይ ያለ ሰው «መርፌው እየመጣ ነው» ብሎ ኪኒኑን በራሱ እንዳያቆም። ያኔ የሚነሣው ቫይረስ ጉበቱን ሊያፈርሰው ይችላል።

ለሄፓታይተስ ሲ ኢንተርፌሮን ላኩልን የሚል ካለ መልሱ አንድ ነው፦ አያስፈልግም። ጂኖታይፕ 4 ድሮ 48 ሳምንት ኢንተርፌሮን ከሪባቫይሪን ጋር ይፈልግ ነበር። አሁን 400 ሚሊግራም ሶፎስቡቪርና 100 ሚሊግራም ቬልፓታስቪር የያዘ አንድ ኪኒን በቀን አንዴ ለ12 ሳምንት ይበቃል።

ፋርማሲ_ሸገር

ከላይ የተባለውን መስፈርት ላሟላውና በሐኪም ለተወሰነለት ሰው፣ ስለ መርፌው አያያዝ።

ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ይቀመጣል። በረዶ ሆኖ ከነበረ ይጣል፣ ቀልጦ ጤነኛ ቢመስልም። ከፍሪጅ ውጭ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየም እንዲሁ። በአውሮፕላን ሲላክ ችግሩ ብዙ ጊዜ ሙቀት ብቻ አይደለም። ሰዎች መርፌውን በቀጥታ ከበረዶ ከረጢት ጋር ያጣብቁትና በጉዞ ላይ በረዶ ይሆናል። መሃሉ ላይ ካርቶን ወይም ፎጣ ይግባ፣ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፣ ቴርሞሜትር አብሮ ይግባበት። ቤት ውስጥም ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳና ከማቀዝቀዣው ሳጥን ራቅ አድርጉት።

አይነቀነቅም። ፕሮቲን ስለሆነ ሲንቀጠቀጥ ይጓጉላል፤ የተጓጎለው ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሰውነትም ፀረ-አካል ያመርትበታል። ከመወጋቱ በፊት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ማቆየት ነው፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ አይነከርም። ሆድ (እምብርትን ርቆ) ወይም ጭን ላይ፣ በየሳምንቱ ቦታ እየቀያየሩ። ማታ መወጋት ይሻላል፣ ትኩሳቱና ብርድ ብርድ ማለቱ በእንቅልፍ ያልፋል። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ይረዳል፤ የጉበት ታማሚ ግን በቀን ከ2 ግራም እንዳያልፍ።

ቀን ካለፈ፦ 1 ወይም 2 ቀን ብቻ ከዘገየ ወዲያው ይወጋና ቀጣዩ በተለመደው ቀን ይቀጥላል። ከ3 እስከ 5 ቀን ከሆነ ወዲያው ይወጋል፤ ወደ ቀድሞው ቀን እስኪመለስ ድረስም በየ5 ቀኑ ይሆናል። 6 ቀን ካለፈ የነገውን መጠበቅ ነው። ሁለት መርፌ ደርቦ መውጋት የለም።

ጠቅላላ_ሐኪም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ቸገረኝ። የመድኃኒቱ መመሪያ ለመጀመር ኒውትሮፊል (ባክቴሪያ የሚዋጋው ነጭ የደም ሕዋስ) በማይክሮ ሊትር ደም ቢያንስ 1,500 ይላል። እኛ ጋ ምንም ሳይታመሙ 1,100 ወይም 1,200 ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ሁሉም አይችሉም ማለት ነው?

የደም_ሕክምና

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ዶክተር፤ ብዙ ቦታ ይሳታል።

በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ሰው በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ዳፊ የሚባለው አንቲጅን የለውም። ከዚህ ጋር ተያይዞ በደም ውስጥ የሚዞረው የኒውትሮፊል ቁጥር በተፈጥሮ ዝቅ ይላል፤ የአጥንት መቅኒው ግን ሙሉ ነው፣ ኢንፌክሽንም አይበዛባቸውም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ላይ ይህ ቀደም ብሎ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ስለዚህ 1,200 ያለውን ሰው ከመመለሳችሁ በፊት የቆየ የደም ምርመራ ውጤቱን ፈልጉ። ዓመታት ሙሉ እንዲያው ከሆነ፣ ሄሞግሎቢንና ፕሌትሌቱ ደህና ከሆነ፣ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ከሌለው የራሱ መደበኛ ቁጥር ነው። መጀመር ይቻላል፣ ክትትሉ ግን ጠበቅ ይላል።

ከጀመሩ በኋላ የሚሠራበት ቁጥር ይኸው፦ ኒውትሮፊል ከ750 ሲወርድ መጠኑ ወደ 135 ማይክሮግራም ይቀንሳል። ከ500 ሲወርድ ይቆማል፤ ከ1,000 በላይ ሲመለስ በ90 ይጀመራል። ፕሌትሌት ከ50,000 ሲወርድ ወደ 90፣ ከ25,000 ሲወርድ ማቆም ነው። ደም በ2ኛውና በ4ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየወሩ። ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ) ከመጀመሩ በፊትና በየ12 ሳምንቱ፤ የታይሮይድ መዛባት ስውር ነው፣ ድካሙን ሁሉ በመርፌው እያመካኙ ያልፉታል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው የዐይኑ መጋረጃ ቀድሞ ይታይ።

አልፋ በደም ሕክምናም ቦታ አለው። በ1986 አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈቀደው ለጸጉራም ሕዋስ ሉኪሚያ ነበር። ዛሬ ሮፔጊንተርፌሮን የሚባለው ለፖሊሳይቴሚያ ቬራ (ቀይ የደም ሕዋስ ከልክ በላይ የሚበዛበት በሽታ) በየ2 ሳምንቱ ይሰጣል፦ በ100 ማይክሮግራም ይጀመራል፣ በ50 እየተጨመረ እስከ 500።

የአእምሮ_ጤና

አጭር ግን አደራ የምለው፦ ድባቴ። የዋዛ የጎንዮሽ ጉዳት አይደለም፤ ራስን እስከ ማጥፋት የሚያደርስ ነው። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይጀምራል። ታማሚው «ድባቴ ያዘኝ» ብሎ አይመጣም። ንጭንጭ በዛብኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ልጆቼ ሲጫወቱ ይረብሹኛል፣ ሰው አስጠላኝ ነው የሚለው። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ አለ፤ ከመጀመሩ በፊት አንዴ፣ ከዚያ በየወሩ ይሞላ። ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ በሚጠይቀው 9ኛው ጥያቄ ላይ ከዜሮ ሌላ መልስ ከመጣ የዚያን ሳምንት መርፌ አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም ላኩት። መርፌው ከቆመ በኋላም ስሜቱ ወዲያው ላይመለስ ስለሚችል ክትትሉ አብሮ አይቆምም። ቤት ውስጥ የሚያየው አንድ ሰው ደግሞ ገና ከጅምሩ ይነገረው።

ቴክኖሎጂስት_22

ጋማ ከተነሣ አይቀር፣ አገራችን ውስጥ ኢንተርፌሮን በተጨባጭ ብዙ ጊዜ የሚለካው በቲቢ ምርመራ ነውና ስለ ኢግራ (ጋማን በመለካት በቲቢ መለከፍን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ልጻፍ። ለምሳሌ ኳንቲፌሮን ፕላስ የሚባለውን እወስዳለሁ።

ምርመራው ባክቴሪያውን አይፈልግም። በደሙ ውስጥ ያሉት ቲ ሕዋሳት ኢሳት-6 እና ሲኤፍፒ-10 የሚባሉ የቲቢ ፕሮቲኖችን ሲያዩ ጋማ ያመነጩ እንደሆነ ነው የሚለካው። የቢሲጂ ባክቴሪያ እነዚህ ሁለቱ የሉትም፤ ስለዚህ ክንድ ላይ የሚወጋውን የቆዳ ምርመራ ቢሲጂ ያሳስተዋል፣ ይህን ግን አያሳስተውም።

4 ቱቦ አለ፦ ግራጫ ክዳን ኒል (ባዶ)፣ አረንጓዴ ቲቢ1፣ ቢጫ ቲቢ2፣ ሐምራዊ ማይቶጅን (ቲ ሕዋስን ሁሉ የሚቀሰቅስ፣ ምርመራው መሥራቱን የሚያሳይ)። በያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ደም፤ ከ0.8 በታችና ከ1.2 በላይ ተቀባይነት የለውም።

እዚህ ላይ የኛ አገር ልዩ ችግር ይመጣል፣ ከፍታ። ቱቦው ደም የሚስበው በውስጡ ባለው ቫኪዩም ነው። የውጭው የአየር ግፊት ዝቅ ባለ ቁጥር ልዩነቱ ይጠብና ደሙ 1 ሚሊ ሳይሞላ ይቆማል። መደበኛው ቱቦ እስከ 810 ሜትር ከፍታ፣ የከፍታ ቱቦ የሚባለው ከ1,020 እስከ 1,875 ሜትር ነው የተሠራው። ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር በከፍታ ቱቦ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጎንደርና መቀሌም ከ2,000 ያልፋሉ። በነዚህ ከተሞች ሁለቱም ቱቦ በራሱ ስቦ በትክክል ይሞላል ብላችሁ አትመኑ። ትክክለኛው መንገድ በሲሪንጅ መቅዳት ነው፦ ደሙን ቅዱ፣ መርፌውን በጥንቃቄ አውልቃችሁ ጣሉ፣ የ4ቱንም ቱቦ ክዳን ክፈቱ፣ ለያንዳንዱ 1 ሚሊ አድርጉ፣ ክደኑ። ጎማውን በመርፌ ወግቶ መጨመር ለጣትም ለመጠኑም አደጋ ነው። ሌላው አማራጭ ሊቲየም ሄፓሪን ቱቦ ላይ ቢያንስ 5 ሚሊ ቀድቶ ላቦራቶሪ ውስጥ ማከፋፈል ነው፤ በክፍል ሙቀት ከ12 ሰዓት በላይ አይቆይ።

ከዚያ መነቅነቅ፦ 10 ጊዜ፣ የቱቦው የውስጥ ግድግዳ በሙሉ በደም እስኪለበስ። አንቲጅኑ የተቀባው ግድግዳው ላይ ነው፤ ካልተነቀነቀ ደሙ አያገኘውም፣ ሐሰተኛ ኔጌቲቭ ይወጣል። ከልክ በላይ ኃይለኛ ከሆነ ደግሞ ጄሉ ይበተንና ውጤቱ ይዛባል።

በ16 ሰዓት ውስጥ 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር መግባት አለበት፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከ16 እስከ 24 ሰዓት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይፈልግም። ከመግባቱ በፊት ቆይቶ ከነበረ እንደገና 10 ጊዜ ይነቅነቅ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ቢበርድ ጠዋት ሙቀቱ ተመልሶ 37 ስለሚያሳይ ማንም አያውቅም። ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ ከውስጥ ካልተቀመጠ ያን ሌሊት የገቡትን ናሙናዎች ማመን አይቻልም። በአንድ ቀን ሥራ የብዙ ሰው ማይቶጅን ዝቅ ብሎ ከወጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ከዚያ ሴንትሪፊዩጅ 15 ደቂቃ ከ2,000 እስከ 3,000 ጂ፣ ፕላዝማው ከጄሉ በላይ ይቀራል። ጋማው በሚለካበት ኤላይዛ ላይ ብዙ የሚበላሸው ማጠቡ ነው፤ ቢያንስ 6 ጊዜ፣ ጉድጓዶቹ እስከ አፋቸው እየሞሉ። ሰብስትሬት ከተጨመረ 30 ደቂቃ በኋላ ማቆሚያው ገብቶ በ5 ደቂቃ ውስጥ በ450 ናኖሜትር ይነበባል።

አነባበቡ፦ ቲቢ1 ወይም ቲቢ2 ከኒል ሲቀነስ 0.35 ዓለም አቀፍ ዩኒት በሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የኒሉንም ቢያንስ 25 በመቶ ካከለ፣ ኒሉ ደግሞ ከ8 ካልበለጠ ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱም ዝቅ ብለው ማይቶጅን ከኒል ሲቀነስ ከ0.5 በታች ከሆነ «አይወሰንም» ይባላል፤ ኔጌቲቭ ብላችሁ አትጻፉ። ሲዲ4 የወረደበት የኤችአይቪ ታማሚ ላይ ይህ ይበዛል፤ ቲ ሕዋሱ ራሱ ጋማ የማመንጨት አቅም አጥቷልና።

ጤና_መኮንን

ወደ አሜሪካ ለመሄድ የተመረመረ የ4 ዓመት ልጅ ውጤት፦ ቲቢ1 ከኒል ሲቀነስ 0.41፣ ቲቢ2 0.29፣ ኒል 0.06፣ ማይቶጅን ከ10 በላይ። ምንም ምልክት የለውም። ምን ይባላል? ጉዞውስ ይቀራል?

ቴክኖሎጂስት_22

በመስፈርቱ ፖዘቲቭ ነው። ከ0.2 እስከ 0.7 ባለው ክልል ግን ያው ሰው በድጋሚ ሲለካ ወዲያና ወዲህ ሊል እንደሚችል እወቁ። ሁለት ነገር ጠይቁ። የቆዳው ምርመራ ቀድሞ ተወግቶ ከነበረና 3 ቀን ካለፈው፣ ያ ራሱ የኢግራውን ቁጥር ሊያሳድገው ይችላል። ኩፍኝ ወይም ሌላ ሕያው ክትባት በቅርቡ ከወሰደ ደግሞ በተቃራኒው ሊያዳክመው ይችላል፤ ደሙ ወይ ክትባቱ በተሰጠበት ቀን ወይም ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ነው የሚቀዳው። የጉዞ ክትባትና ኢግራ በተለያየ ቀን በየተለያየ ክሊኒክ ሲሠሩ ይህ ይረሳል።

ጉበት_ክፍል

በዚህ ላይ ልጨምር። ኢግራ ድብቅ ቲቢንና ንቁ ቲቢን አይለይም። የ4 ዓመት ልጅ ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ፣ ክብደቱ ይታይ፣ የደረት ራጅ ይነሣ። ራጁ ንጹሕ ከሆነና ምልክት ከሌለ ፖዘቲቭ ኢግራ ብቻውን ጉዞ አይከለክልም። የመከላከያ ሕክምና ግን ይገባዋል፦ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ በየቀኑ ለ3 ወር፣ ወይም ሪፋፔንቲንና አይሶናያዚድ በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት። ራጁ ጥርጣሬ ካለው አክታ ተወስዶ እስከሚያድግ ይጠበቃል።

ፋርማሲ_ዲሲ

ስለ ነርቩ በሽታ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ (የሰውነት መከላከያ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት)። እዚያ የሚሰጠው ቤታ ነው። ቤታ-1ቢ በ1993 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ 250 ማይክሮግራም በየሁለት ቀኑ ከቆዳ ሥር። በሙሉ መጠን አይጀመርም፦ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሩቡ (0.25 ሚሊ ሊትር)፣ ከዚያ በየ2 ሳምንቱ በሩብ እየጨመረ በ7ኛው ሳምንት 1 ሚሊ ሊትር ይሞላል። ይህን የዘለለ ሰው በትኩሳትና በሰውነት ቁርጥማት ተማሮ በወሩ ያቆማል። ቤታ-1ኤ 30 ማይክሮግራም በሳምንት አንዴ ጡንቻ ውስጥ፣ ወይም 44 ማይክሮግራም በሳምንት 3 ጊዜ ከቆዳ ሥር ነው።

ማገርሸቱን በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ አሁን ከሱ የሚበረቱ መድኃኒቶች ስላሉ ብዙ ሐኪም መጀመሪያ አይመርጠውም። አንድ ቦታ ደጋግሞ መውጋት ቆዳውን ይገድለዋል፤ ጥቁር ብሎ ከቆሰለ እዚያ ላይ መውጋት አቁሙ። አንዳንዱ ሰው ከጊዜ በኋላ መድኃኒቱን የሚያመክን ፀረ-አካል ያመርታል፤ ያኔ ሌላ ቤታ መቀየር ዋጋ የለውም፣ የመድኃኒቱ ክፍል ራሱ ይቀየር።

ከዓይነት ጋር በተያያዘ ደግሞ ማንም ሊረሳው የማይገባ ነገር አለ። በ1980ዎቹ ጋማ ለዚሁ በሽታ ተሞክሮ ከ18 ታማሚዎች 7ቱ ላይ በሕክምናው ወቅት በሽታው አገረሸ። ቤታ የሚያበርደውን በሽታ ጋማ ያነደዋል።

ቲ_ሴል

ወንድሜ ያነሣው ነጥብ የክሩ ሁሉ ማሰሪያ ነው፤ የትኛው ዓይነት፣ በየትኛው ጊዜ። ጥቂት ልጨምርበት።

ቲቢ ላይ ጋማ ይጠቅማል። ንቁ ቲቢ ያለበት ሰው ደም ውስጥ ግን የዓይነት 1 ምልክት ጎልቶ ይታያል፤ እሱም ባክቴሪያውን ይበልጥ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ሄፓታይተስ ሲ ላይ ደግሞ ላምዳ-4ን ማምረት የሚችል ጂን ያላቸው ሰዎች ቫይረሱን በራሳቸው የማጽዳት ዕድላቸው ያነሰ ነው። ሉፐስ (መከላከያው የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) የዓይነት 1 ትእዛዝ ሳይቆም ሲቀር ከሚመጡት አንዱ ነው፤ ለዚህ በ2021 የተፈቀደው አኒፍሮሉማብ ተቀባዩን የሚዘጋ ፀረ-አካል ነው፣ 300 ሚሊግራም በየ4 ሳምንቱ በደም ሥር። አንዱ ታማሚ ኢንተርፌሮን ይወጋል፣ ሌላው ኢንተርፌሮን ይታገድለታል።

ኮቪድ ጊዜውን አሳይቷል። በ2020 በወጣ ጥናት ለሕይወት አስጊ በሆነ ኮቪድ ከተያዙ 987 ሰዎች 101ዱ የራሳቸውን ዓይነት 1 ኢንተርፌሮን የሚያመክን ፀረ-አካል ነበራቸው። ሲጎድል ይህን ያህል ይጎዳል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ሆስፒታል ለገቡ ሰዎች ቤታ ሲሞክር ሞትን አልቀነሰም፤ ዘግይቶ ነበር። ላምዳ 180 ማይክሮግራም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምልክት በጀመረ በ7 ቀን ውስጥ ሲሰጥ ግን ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ መባባስን በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ለካላአዛርም (በአሸዋ ዝንብ ለሚተላለፈው በሽታ) ጋማ ከነባሩ መድኃኒት ከአንቲሞኒ ጋር ብራዚልና ሕንድ ውስጥ ተሞክሮ ነበር፤ መደበኛ ሕክምና አልሆነም። መተማና ሁመራ አካባቢ የምትሠሩ የምታውቁትን ሕክምና ቀጥሉ።

የዐይን_ሐኪም

ከዚህ ዝርዝር የቀረ አንድ አለ። ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት የምናየው የዐይን ነጩ ክፍል ላይ የሚወጣው ካንሰር። አልፋ-2ቢ 1 ሚሊዮን ዩኒት በሚሊ ሊትር ተበጥብጦ በቀን 4 ጊዜ በጠብታ ይሰጥ ነበር፤ ያ መድኃኒት ግን ምርቱ ቆሟል። አሁን 1 በመቶ 5-ፍሎሮዩራሲል ጠብታ በቀን 4 ጊዜ ለ1 ሳምንት፣ ከዚያ 3 ሳምንት እረፍት፣ እንደገና እየዞረ። ርካሽ ነው፣ ያቃጥላል፣ ይሠራል። ፔጋሲስን ለጠብታ መበጥበጥ ግን አይሞከር።

ጠቅላላ_ሐኪም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ 12 መርፌ ቀድሞ ደርሶ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ምን ይባል?

ጉበት_ክፍል

48ቱን ማሟላት እርግጠኛ ካልሆነ አይጀመር። 12 ሳምንት ተወግቶ መቋረጥ ጉዳቱን ሁሉ አሸክሞ ጥቅሙን ያስቀራል።

መርፌውን ከመመለሳችሁ በፊት ግን አንድ ምርመራ አዙሩ፣ የሄፓታይተስ ዲ ፀረ-አካል። ሄፓታይተስ ዲ (ከላይ ከተነሣው ጂኖታይፕ ዲ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ቫይረስ ነው) የሚኖረው ቢ ባለበት ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ጉበትን ከቢ ብቻው በፍጥነት ያጠጥራል፣ ቴኖፎቪርም አይነካውም። ኤኤልቲው ከፍ ብሎ የቢ ቫይረስ መጠኑ ግን ዝቅ ያለ ታማሚ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ይህን ጠርጥሩ። ፀረ-አካሉ ፖዘቲቭ ከሆነ የዲ አርኤንኤ ይላክ። አርኤንኤው ካለና ጉበቱ ከተሸከመ ፔጊንተርፌሮን 48 ሳምንት እዚህ አገር በእጃችን ሊኖር የሚችለው ብቸኛ ሕክምና ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ቡሌቪርታይድ 2 ሚሊግራም በየቀኑ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። እንዲህ ያለ ታማሚ ከተገኘ 12ቱን አስቀምጣችሁ ቀሪው 36 መቼ እንደሚደርስ በጽሑፍ አስይዙ፣ የመጀመሪያው መርፌ ከመወጋቱ በፊት።